ከሙሽራዋ በስተግራ

ሟቹ መሬት አልረግጥ ብሎ አስቸገረ።

ድንቢጥ ከጠዋት ጀምሮ ስትታገለው ነው የዋለችው። ወደ ታች ስታወርደው ጫማው ድንጋዩ ውስጥ ይሰምጣል፤ ከፍ ስታደርገው ይንሳፈፋል። ኮምፒውተሯ ላይ ሙሽራዋ ነጭ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ሙሽራው በቀኟ ሆኖ፣ የአዳራሹን ደረጃ ትወርዳለች። በግራዋ ከሌላ ጊዜ ቪዲዮ ተቆርጦ የገባው አባቷ እንደ ፊኛ እየተንገዋለለ ይከተላታል። ሰውየው ለሠርጉ ሳይደርስ ነው የሞተው። ልጅቷ ደግሞ «አብሮኝ ይውረድልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም» ብላ አደራ ጥላባታለች። ከሰዓት በኋላ ልታየው ትመጣለች።

ቢጨንቃት ለድሮ አስተማሪዋ ደወለች። ሽማግሌው ሥራውን ከተዉ ቆይተዋል፤ የቪዲዮ ቅንብርን ሀ ብላ የተማረችው ግን ከእሳቸው ነው። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ጭንቅላቷ ብቻ ብቅ ሲል አይተው «ድንቢጥ» ያሏትም እሳቸው ናቸው፤ ስሙ በዚያው ጸደቀ።

«ጋሼ፣ የእኔ እስክሪን እዚያ ኮምፒውተርዎ ላይ ይታይዎታል?»

«ይታየኛል። ዓይኔ ቢደክምም ምላሴ አልደከመም፣ አትፍሪ» አሉ። ስልኩ ድምፁ ተለቆ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። «መጀመሪያ የሱቱን ጥቁረት ቀነስ አድርጊው። እንዲህ ባለ ፀሐይ ከሰል የሚመስል ሱት የለም። የሙሽራውን ሱት እያየሽ አስተካክዪው።»

አስተካከለች።

«ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት መስሏል። አደብዝዢው። እንዲያ! ፀጉሩም ላይ ፀሐይ ትረፍበት።»

ሰውየው ቀስ በቀስ ከሠርጉ አየር ጋር ተዋሐደ። ድንቢጥ ትንፋሿ መለስ አለላት።

«እግሩንስ ምን ላድርገው፣ ጋሼ?»

«እግሩን ተዪው። ሰው ምስል ውስጥ የሚቆመው በጥላው እንጂ በእግሩ አይደለም። ጥላውን ደግሞ አሳምረሽዋል፤ እጅሽ ይባረክ። አንድ ነገር ብቻ ስተሻል። ሰውየው እጁ ባዶ ነው፤ ጥላው ከዘራ ይዟል።»

ድንቢጥ ወደ እስክሪኑ ጠጋ ብላ ጥላውን አየችው። ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ጫማው ላይ ተክላ ስለዋለች ከጫማው ወዲያ አላየችም ነበር።

«ጋሼ… ጥላ ገና አልሠራሁለትም።»

«እስቲ አባትየውን አጥፊውና ባዶውን ቀረጻ አሳዪኝ።»

ሥራው ምስል በምስል ላይ መደረብ ነው፤ ሟቹ ከላይ፣ ሠርጉ ከሥር። የላይኛውን አጠፋችው። አባትየው ብን ብሎ ጠፋ። ጥላው አልጠፋም። ማንም በሌለበት በሙሽራዋ ግራ፣ በየደረጃው ጠርዝ ላይ እየታጠፈ ይወርዳል። ከዘራውን ያስቀድማል፤ ቀኝ እግሩን ይጎትታል።

«የካሜራማኑ ይሆን?» አለች።

«ካሜራማን በከዘራ አይቀርጽም» አሉ፤ ቀልዱ ግን ራሳቸውንም አላሳቃቸውም። «እንግዶቹን እያቸው።»

አየቻቸው። ከደረጃው ዳር የቆመች ሴት ልጇን በክንዱ ሳብ አድርጋ ለባዶው ቦታ መንገድ ለቀቀች። ግድግዳ ተደግፎ የነበረ ጎልማሳ ቀና አለና ወደዚያው ባዶ ቦታ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ሁለቱም ያደረጉትን ያወቁት አይመስሉም። የሙሽራዋ ግራ ክንድ ደግሞ ሰው እንደያዘው ከጎኗ ራቅ ብሎ ታጥፏል።

ድንቢጥ ወንበሯን ከእስክሪኑ ራቅ አደረገች።

«ጥላውን አጥፊው» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከጎኑ ንጹሕ ድንጋይ ቅጂና ሸፍኚው። ልጅቷ ሳትመጣ።»

አሠራሩን ታውቀዋለች። ግን እጇ እምቢ አላት። እምቢ እንዳላት በሩ ተንኳኳ፤ ሙሽራዋ በተራ ልብስ፣ ፀጉሯን ጠቅልላ፣ ገባች።

«እህቴ፣ ቀደምኩብሽ እንዴ?» አለች፤ ዓይኗ ግን ወዲያው እስክሪኑ ላይ ዐረፈ። ድንቢጥ አባትየውን መልሳ ልታመጣው ተጣደፈች።

«ቆይ! እንዳትነኪው!» ሙሽራዋ አፏን በመዳፏ ያዘች። «አባዬ…»

እስክሪኑ ላይ ደረጃ አለ፤ ፀሐይ አለ፤ እንግዳ አለ። አባት የለም።

«እግሩን እንዲህ እንደሚጎትት ማን ነገረሽ? የሰጠሁሽ ቪዲዮ እኮ ከመታመሙ በፊት የተነሣ ነው፤ ያን ጊዜ ከዘራም አልነበረው። አልጋ ላይ ሆኖ ‹እየጎተትኩም ቢሆን አወርድሻለሁ› ይለኝ ነበር።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ድንቢጥ ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ምንም አልጨመርኩበትም።»

«እውነትሽን ነው» አለች ሙሽራዋ፣ ከእስክሪኑ ዓይኗን ሳትነቅል። «ምንም የተጨመረበት አይመስልም። እንዲሁ ስጪኝ።»

በፍላሽ ገልብጣ ሰጠቻት። ሙሽራዋ አቅፋ ሳመቻት፤ ጉንጯ ርጥብ ነበር። ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ታላቅን እንደሚያስቀድም ሰው ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ጥቂት ቆየች። ከቆየች በኋላ ወጣች፤ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ሽማግሌው ሁሉንም ሰምተዋል።

«ሄዱ?» አሉ።

ድንቢጥ «ሄደች» ልትል አፏን ከፈተች። በሩን አየችው።

«አዎ ጋሼ» አለች። «ሄዱ።»