በክፍሉ አፍ የዞረ

ሐኪሙ ጌድዮን ነገሩን አላድበሰበሰም። የክፍሉ አንጀት እህል አይችልም፤ ስንዴማ ፍርፋሪውም መርዙ ነው። በዚያ ላይ ሁዳዴ ገብቷል። በእንቁላልና በሥጋ እንኳ ልጠግነው ብትል ሚስቱ ሣህሊቱ፣ ክፍሉ "ጾም ገድፌ የምድነው መዳን ይቅርብኝ" ብሎ አሻፈረኝ አለ።

ሣህሊቱ በሰው አገር፣ ቫን ናይስ ያለውን አፓርታማቸውን ጠራርጋ አጸዳች። ጤፉን፣ መኮሮኒውን፣ በሶውን ለጎረቤት አደለች። ገና ያልተከፈተ አንድ ከረጢት የስንዴ ዱቄት ነበር፤ መጣሉ ነውር ሆነባትና ለቤተ ክርስቲያን ሰጠች። ከዚያ ወዲህ ምግባቸው ድንች፣ ጎመን፣ ቀይ ሥርና አቮካዶ ሆነ። እሷም አብራው ያንኑ በላች።

ክፍሉ ግን እየመነመነ ሄደ። ዌስትቼስተር ሰፈር፣ የሆቴል እንግዳ በሚያመላልስበት መኪና ላይ አዙሮት ሥራውን አቆመ። ጌድዮን ደሙን ደግሞ መረመረና እሷን ለብቻዋ ጠራት።

"ጋሼ የሆነ ቦታ እህል እየበሉ ነው፣ እትዬ። ከአፋቸው የሚገባውን ሁሉ ቼክ ያድርጉ።"

ጥርጣሬዋ ቀጥታ ፌርፋክስ ወዳለው የፍሬው የሐበሻ ምግብ ቤት ሄደ። ክፍሉ ከሰዓት በኋላ እዚያ ሳይደርስ አይውልም፤ ፍርፍር ሲያይ ደግሞ አንጀቱ አይጨክንም። አንድ ቀን ተከትላው ከማዶ መኪናዋን አቆመችና በመስታወቱ አየችው። ጓደኞቹ ትሪ ከበው ይጎራረሳሉ። እሱ ሻዩን ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

አፈረች። ቢሆንም አልወጣላትም፤ ፍሬውን ጠርታ አፋጠጠችው።

"ካሜራውን ይዩት፣ እትዬ ሣህሊቱ። ጋሼ ክፍሉ እዚህ ከሻይ ሌላ ቀምሰው አያውቁም።"

ኪሱን ፈተሸች፤ መኪናውን በረበረች፤ ሲተኛ አፉን አሸተተች። ምንም የለም። ሸሚዙ ላዩ ላይ ሲንጠለጠል እያየች ማልቀስ ብቻ ሆነ ሥራዋ።

"እመኚኝ" አላት እራት ላይ፣ ድንቹን እየገፋ። "እህል የሚባል ነገር በአፌ አልዞረም።"

ዐይኑን አይታ አመነችው። ያመነችው ዕለት ደግሞ ይብሱን ፈራች፤ እንግዲህ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ሐኪሙም አላወቀ፣ እሷም አላወቀች፤ የቀረው እግዜር ብቻ ነው። በቁርባን የተጋቡ ናቸውና እሑድ እሑድ መቁረባቸው አልተቋረጠም፤ አሁን ረቡዕንና ዓርብንም ጨመረችበት። እሱ ደክሞኛል ሲላት እየለመነች፣ ራሷ እየነዳች ወሰደችው።

ዓርብ ዕለት ክፍሉ እግሩ አልጸና ብሎት ትከሻዋን ተደግፎ ቀረበ። ቄሱ አቆረቡት። የነጠላውን ጫፍ አፉ ላይ አደረገችለትና፣ እዚህ እንኳ የሚያጠራጥር ነገር የለም ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች።

ሲወጡ ዲያቆኑ መክብብ በሩ ላይ ጠበቃት፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣት።

"እግዜር ይስጥልን፣ እትዬ ሣህሊቱ፤ ሰሞኑን ለቁርባን የምንጋግረው ኅብስት እርስዎ ካመጡልን ስንዴ ነው።"