የአብተው ደም

አብተው የሞተው በ1970 ዓ.ም. ነው፤ ናዝሬት፣ በገዛ ቤቱ፣ በጠራራ ፀሐይ። የስኳር ፋብሪካ ዘበኛ ነበር። ጎረቤቱ ተኩስ ሰምቶ ሲወጣ፣ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጆቴ የአብተውን ጠመንጃ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«አብዮታዊ እርምጃ ነው» አለ ጆቴ። «ጸረ አብዮት ነበር። የሚያለቅስ ሰው እንዳላይ!»

በዚያ ዓመት ከዚህ በላይ የሚጠይቅ አልነበረም። ሬሳውን የቀበሌ መኪና ወሰደው።

ሚስቱ አበዛሽ ያን ቀን ክንዷ ተሰብሮ፣ አንገቷ አብጦ ነበር። ልጃቸው ሰብስቤ ገና የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን ነው። ጆሮው ይጮህበታል፣ ቀኝ ትከሻው በልዟል። ትኩሳት ያዘውና ብዙ ቀን ተኛ፤ ሲነሳ ምንም አያስታውስም። ጆቴ በሰደፍ መትቷቸው ነው አሉ ጎረቤቶች። አበዛሽም አላስተባበለችም።

ሰብስቤ የጆቴን ስም እየጠላ አደገ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጆቴን በድንጋይ ፈነከተው። ጆቴ ደሙን በእጁ ጠርጎ መንገዱን ቀጠለ። ልጁን የገረፈችው እናቱ ነበረች።

«ሁለተኛ እሱን ብትነካ ልጄ አይደለህም!»

ፈርታ ነው ብሎ አሰበ። ፍርሃቷን ናቀው።

ኋላ ጆቴ ከቀበሌው ተባርሮ ዝዋይ ወረደ። ሰብስቤም ታፍሶ ወደ ሰሜን ዘመተ። ግንባር ላይ መግደል ለመደ። ቆስሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሳንጃውን አልመለሰም። ቁስሉ እንደጠገገ ለእናቱ ሳይነግር ዝዋይ ሄደ።

ጆቴን ሐይቁ ዳር ጋሪ ላይ ዓሣ ሲጭን አገኘው። አርጅቷል።

«አካም፣ ሰብስቤ» አለው። «አድገሃል።»

ሰብስቤ አፉን በቡጢ መታው። ሲወድቅ ረገጠው፤ የጎድኑ አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ዓሣ አጥማጆቹ ሊገላግሉ ተጠጉ፤ ሳንጃውን ሲያዩ ባሉበት ቆሙ።

«አባቴን ማን ገደለው?»

«እኔ።»

«ምን አድርጎህ?»

ጆቴ ደም ተፋ። «እኔ ነኝ አልኩህ፤ በቃ። እናትህን ግን እንዳትጠይቃት። እባክህን እንዳትጠይቃት፣ ኢልማ ኮ።»

«ልጄ አትበለኝ!»

ሳንጃው ሁለቴ ገባ። ፈረሱ ደንብሮ ጋሪውን ከነዓሣው እየጎተተ ሮጠ። ሰብስቤን ሊይዘው የደፈረ አልነበረም።

በጭነት መኪና ሲመለስ የጆቴ ቃል መንገዱን ሙሉ ከነከነው። ለምን አይጠይቃትም? እናቱ ጆቴን አንድ ቀን እንኳ ስትረግመው ሰምቶ አያውቅም። ሞጆ ሲደርስ ነገሩ የገባው መሰለው።

አበዛሽ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ሸሚዙ ላይ ያለውን ደም አየች።

«የማን ነው?»

«የውሽማሽ።»

የያዘችው አንሶላ መሬት ወደቀ። «ጆቴን? ጆቴን ገደልከው?» አንሶላው ላይ ተቀመጠች። ለባሏ ያላለቀሰችውን ልቅሶ ለጆቴ አለቀሰች።

ሰብስቤ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። ጎትቶ አስነሳት፣ ከግድግዳው ጋር አጋጫት፣ ጉሮሮዋን አነቀ።

«ከሱ ጋር ሆነሽ አባቴን አስገደልሽው! ተናገሪ!»

አልታገለችውም። ዓይን ዓይኑን ብቻ አየችው። ጣቶቹ ትንሽ ላላ አሉ።

«አባትህም እንዲህ አንቆኝ ሳለ ነው» አለች በታፈነ ድምፅ፣ «አንተ የተኮስክበት።»