አንዱን ምረጥ

«አንዱን ምረጥ» አለ ከአውራጃ የመጣው ሹም፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ያሉትን ሁለት ወረቀቶች በጣቱ እየለያየ። «የመናዊ ነህ ወይስ ኢትዮጵያዊ? ሁለት አገር የሚባል ነገር የለም።»

አንደኛው ያረጀ የየመን ፓስፖርት ነው፤ ሌላው የቀበሌ መታወቂያ። የሁለቱም ባለቤት ኡመር፣ የወረታው ባለሱቅ፣ ቆቡን በእጁ ጨብጦ ቆሟል። ሚስቱ ራሂማ በሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ሆና ጀርባውን ታያለች።

መስከረም ሰባ አንድ ነው። የሶማሌው ጦርነት ካበቃ ገና መንፈቁ ስለሆነ የውጭ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል። ኡመር በአራት ዓመቱ አባቱን ተከትሎ የመጣ፣ ወረታ ያደገ ሰው ቢሆንም፣ በመዝገብ የውጭ አገር ሰው ነው። ቀበሌ ሲቋቋም ግን ጎረቤቱ ሁሉ ሲመዘገብ እሱም ተመዘገበና መታወቂያ ወሰደ። ጥፋቱ ይኸው ነው።

ራሂማን ያስጨነቃት ይታሰራል የሚለው ሥጋት ብቻ አይደለም። በቀደም የኡመር አጎት ኢሳቅ ከየመን «ነገሩ ሳይከፋ ቤተሰብህን ይዘህ ና» ብሎ ጽፎለታል። ኡመር ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሦስት ቀን ሙሉ ፓስፖርቱን ከሣጥን እያወጣ ያያል፤ መልሶ ይከታል። እሷ እዚሁ አቅራቢያ ያለችው የይፋግ ልጅ ናት፤ እናቷ አልጋ ከያዙ ከርመዋል። «ልትሄድ ነው ወይ?» ብላ ልትጠይቀው ብትል አፏ አልታዘዝላት አለ።

«ተናገር እንጂ!» አለ ሹሙ።

«እኔማ የዚሁ ነኝ» አለ ኡመር። «አባቴን ወባ ስትገድለው ስድስት ዓመቴ ነበር። ያሳደገኝ የወረታ ሰው ነው። የት እሄዳለሁ?»

ራሂማ ድምፅ ሳታሰማ «አልሐምዱሊላህ» አለች።

«እንግዲያው ፓስፖርቱን አስረክብና ፈርም።»

ኡመር መዳፉን ፓስፖርቱ ላይ አሳረፈ እንጂ አልገፋውም። ራሂማ ከአግዳሚው ብድግ አለች።

«ጓድ፣ ይህ ያኔ ለሁለታችን የወጣ ፓስፖርት ነው፤ እዚህ ውስጥ ያለው ፎቶ… ከአባቴ ጋር የተነሳሁት ነው። ሌላ የለኝም። መልኩን የማውቀው በዚህ ነው።»

ለካስ ሦስት ቀን ሲያይ የከረመው አባቱን ነው! ራሂማ አገር ጥሎ ሊሄድ ነው ብላ ባሏን በልቧ ስትከስሰው በመሰንበቷ አፈረች።

ሹሙ ገልጦ አየው። ጺሙ ገና ያልጠነከረ ወጣት፣ አንድ ሕፃን ጭኑ ላይ አስቀምጧል። የማኅተሙ ግማሽ የልጁ እግር ላይ አርፏል።

«ማኅተም ያረፈበት ፎቶ አይነሳም» አለ ሹሙ።

እስካሁን ጥግ ይዞ የተቀመጠው የቀበሌው ሊቀ መንበር አያልነህ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሲፈራ የቆየ ሰው ነው፤ አሁን ግን ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ።

«ጓድ፣ መታወቂያውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጥፋት ካለ የኔም ነው። ሰውዬው አገሩን መርጧል። አባትህን ደግሞ መርሳት አለብህ እንበለው?»

ሹሙ ፎቶውን እንደገና አየና «ምላጭ አላችሁ?» አለ።

አያልነህ እርሳስ የሚቀርጽበትን ምላጭ አቀበለው። ሹሙ ከሕፃን እግር እሾህ እንደሚያወጣ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ጠርዙን ቀስ በቀስ እያላቀቀ ፎቶውን አነሳው። ከዚያ መረከቢያው ላይ «ፓስፖርት አንድ፣ ፎቶግራፍ የሌለው» ብሎ ጻፈ። ኡመር ፈረመ።

ሲወጡ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ፀሐይ ግን ወጥታለች። ኡመር ፎቶውን ደረት ኪሱ ከትቶ በእጁ ደግፎ ይዞታል። ትንሽ እንደሄዱ ራሂማ ድንገት ቆመች።

«ምነው? አመመሽ?»

«ኡመር፣ ራበኝ።»

ኡመር መንገዱ መሃል ቆሞ ሳቀ። መንገድ ዳር ከሰል አቀጣጥላ ከተቀመጠችው በቆሎ ጠባሽ ሁለት ራስ ገዛ። መንገድ ላይ መብላት ነውር ነው ተብላ ያደገችው ራሂማ፣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ፣ አላፊ አግዳሚው እያያት፣ ትኩሱን በቆሎ መጋጥ ጀመረች።