የግራው በኩል

«አባት፣ ልጅቷን በግራ በኩል ያማታል እንዴ?»

ጠያቂዋ የጥርስ ሐኪም ናት... መብራቱን ወደ ልጅቷ አፍ አዙራ።

አባትየው ጥግ ላይ ተቀምጧል። መኪና አጣቢ ነው፣ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነው።

«ኧረ ለኔ ምንም አላለችኝም» አለ።

ልጅቷን ቤት ውስጥ ሚጢጢ ነው የሚሏት። ጥርሶቿ ተደራርበው ስለበቀሉ ሽቦ ታስሮላታል።

ሽቦውን ያሳሰረቻት እናቷ ናት። ልጄ አፏን በእጇ ሳትሸፍን ስትስቅ ማየት አለብኝ ብላ ስንት ለፍታ...

ሳታይ አረፈች።

ሐኪሟ ግራ ገብቷታል። በቀኝ በኩል ሽቦው ስር ፍርፋሪ እንኳ የለም። በግራ በኩል ግን ድዱ አብጧል፣ ሲነካ ይደማል።

ውሃ በግፊት እየረጨ የጥርስን መሃል የሚያጸዳ ማሽን አለ፣ ቢገዙላት ይረዳታል አለችው። በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲሁ ሆና ከመጣች ግን ሽቦውን መፍታት ግድ ነው... እናቷ የጀመረችው እዚህ ላይ ይቆማል ማለት ነው።

እሺ አለ።

ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ለሁሉም ነገር እሺ ነው። ብላ ሲሉት እሺ፣ ተኛ ሲሉት እሺ፣ በርታ ሲሉት እሺ።

ይሄን ሁሉ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው... ያቺን አሮጌ መኪናዬን እያጠበ። (መኪና አላት ብላችሁ እንዳትቀኑ፣ ከምትሄድበት የምትቆምበት ይበልጣል።)

ፊቱ ላይ ምንም ነገር አይነበብም። የሌላ ሰው ወሬ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ከክሊኒኩ ሲመለሱ ሚጢጢን ተቆጣት። ግማሹን አጽድቶ ግማሹን መተው ምን ዓይነት ስንፍና ነው አላት።

እሷ መሬት መሬቱን እያየች ተከተለችው።

ቤት ሲደርሱ ደግሞ አክስቷ ጠበቀችው። እህቱ ናት፣ አፏ ምላጭ ነው።

«ለጥርስ ደግሞ ሞተር? ነገ ለጆሮዋ ጄኔሬተር ልትገዛ ነው?»

እሱም ሰግቷል። የውሃ ግፊት ሥራው ነዋ... ከመኪና ላይ ቀለም ሲልጥ በዓይኑ አይቷል። ያ ነገር የልጅ ድድ ላይ ሲያርፍ አስቡት።

ግን ደግሞ ልቡ ወደ መግዛቱ አደላ። ለምን ስለው እጁ ላይ ያለውን አረፋ ጠረገ።

«እውነቱን ልንገርሽ... ፊቷ ቁርጥ እናቷን ነው። ቀረብ ብዬ ማየት አልቻልኩም። ማሽኑ ካለ እኔ አያስፈልግም ብዬ ነው።»

ጎማዬን አየሁ።

ቅዳሜ አባትና ልጅ ሱቅ ሄዱ።

ሻጯ ማሽኑን አወጣች፣ ውሃ ሞላች፣ አበራችና መዳፉ ላይ ረጨችለት። ውሃው እንኳን ቀለም ሊልጥ ይኮረኩራል። ፍርሃቱ እዚያው አለቀ።

ጠቅልይልኝ ሊል አፉን ሲከፍት... ሚጢጢ እጅጌውን ያዘችው።

«አባዬ... የእማዬንም በኩል ያጸዳል?»

«የምን የእማዬ በኩል?»

ሚጢጢ ጣቷን ግራ ጉንጯ ላይ አደረገች።

ለካስ...

ሽቦው የታሰረ ሰሞን በየጥርሱ መሃል ክር እያሾለኩ ማጽዳት ለልጅ አሰልቺ ነበርና እናትና ልጅ ሥራውን ተከፋፍለውት ነበር። ቀኙ የሚጢጢ፣ ግራው የእማዬ።

እናትየው ልብስ ሰፊ ነበረች፣ ክር ማሾለክ ለእሷ ምኗም አይደል። ሚጢጢ የራሷን ስትጨርስ ጭንቅላቷን እናቷ ጭን ላይ ታደርጋለች፣ የቀረውን እማዬ ትሠራለች። አንዱ የሌላውን ድርሻ አይነካም... ሕጋቸው ነው።

እናት አረፈች። ሚጢጢ የራሷን ድርሻ መሥራቷን አላቆመችም።

የእናቷን ግን አልነካችም።

አባትየው ለምን ብሎ ጠየቃት።

«እኔ ከሠራሁት የእሷ አይሆንማ።»

ሻጯ አፏን ይዛ ማሽኑን ማጥፋት ረስታለች፣ ውሃው ባንኮኒው ላይ ይፈሳል።

«ያኔ እንኳ አላለቀስኩም» አለኝ። ቀብሯም ላይ አላለቀሰም። አንጀቱ ሳያዝን ቀርቶ አይደለም፣ እንባ የሚባል ነገር ድርቅ ብሎበት ነው።

ማሽኑን ገዛው።

የዚያን ዕለት ከእራት በኋላ ሚጢጢ የራሷን በኩል በማሽኑ አጸዳች። አባቷ ክሩን ይዞ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«የእማዬን በኩል እኔ ብይዘውስ?»

አሰበችበት... ቆይታ መጥታ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አደረገች።

የአጣቢ ጣት ወፍራም ነው፣ ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረው። ለማየት ጎንበስ ማለት ነበረበት... ያንን ፊት ከቅርብ ማየት ነበረበት።

አየው።

ሚጢጢ ድንገት ግንባሯን ጠረገች።

«አባዬ፣ ማሽኑ ያንጠባጥባል እንዴ?»

ማሽኑ መታጠቢያ ቤት ነው ያለው።

በቀጠሮው ቀን ሽቦው አልተፈታም። እንዲያውም ሐኪሟ ግራው ቀኙን በልጦታል፣ አሁን ደግሞ በቀኝ በኩል ትንሽ በርቺ አለቻት አሉ።

የኔ ወገኖች... ልጅ አንድን ነገር አልነካም ሲል ሁልጊዜ ሰንፎ አይደለም። የሰው ቦታ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ከመቆጣታችን በፊት እንጠይቅ፣ ከጠየቅንም ቀረብ ብለን ይሁን።

(ማሽኑ ለልጄ ይሆናል አይሆንም የምትሉኝ ደግሞ ሐኪም ጠይቁ፣ እኔ ወሬ አቀባይ ነኝ።)

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ ቤት፣ ባለቤቱ ከሄደ በኋላ እስከ ዛሬ ማንም ያልነካው ሥራ ምንድን ነው? እናንተ ብትረከቡትስ ይቀየማል ትላላችሁ?

ኮሜንት ላይ አነባችኋለሁ።