ገዢዋ ስትወዛወዝ

የዓሣ አጥማጁ ሚስት የሩቅ ማያ መነጽር ዓይኗ ላይ ደግና፣ በፊሊፒንስ ጄኔራል ሳንቶስ ወደብ በሚገኝ ሱቅ በር ላይ እግሯን አንፈራጣ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች።

«እማማን አዞራቸው እንዴ?» አለ ባለሱቁ።

«በሐሳቧ ጀልባ ላይ ናት፤ ተዋት» አለው ባሏ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የባሕር ወፎች የሚያንዣብቡበትን እያየች ቱና ዓሣ ወዳለበት የመራችው እሷ ነበረች። ዘንድሮ ግን ዓይኗ ደከመ።

«አሥራ ሁለት እጥፍ የሚያቀርበው ይሻልዎታል፣ እማማ።»

«እስቲ አንተም እየተወዛወዝክ እየው።»

ባለሱቁ እየሳቀ ሞከረ። ያያት ወፍ ከመስታወቱ እየዘለለች ጠፋችበት፤ ሳቁም አብሮ ጠፋ።

እሷ ሰባት እጥፍ ብቻ የሚያቀርበውን አነሳችና ወደ ባሕሩ ዞራ እንደገና ተወዛወዘች። ድንገት ቀጥ ብላ ቆመች።

ባሏ ይህን አቋቋሟን ያውቀዋል። ወፎች እንዳየች ገብቶት የጀልባውን ሞተር ሊያስነሳ ሄደ።