ከናፍጣው ክዳን ሥር

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ። አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ለአራተኛ ጊዜ ተነስታ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላት ድርግም ብላ ጠፋች። የሹፌሩ ታላቅ ወንድም ለብረት አቅላጮች ሊጎትታት ሰንሰለት ይዞ የግቢው በር ላይ ቆሟል። «ተዋት እንጂ፣ ነፍሷ ከወጣ ቆየ» አለ። የቤተሰቡ መተዳደሪያ ግን እሷው ናት። ሹፌሩ የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ቀይሯል፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እየነፋ አጽድቷል። ናፍጣው የተላላጠ እጁን እያቃጠለው፣ ከኮፈኑ ሥር ቀና ሳይል፣ «ጋሼ፣ እኔ ሳልጨርስ የትም አትሄድም» አለ።

ሚስቱ ናፍጣ ልትጨምር የታንኩን ክዳን ስትፈታ፣ አየር ፉጭ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ይቺ መኪና እኮ ትንፋሽ አጥሯታል!» ሹፌሩ ሮጦ መጣ። ከክዳኑ ሥር፣ የአየር ቀዳዳው ላይ ላስቲክ ተወጥሯል፤ አቧራ እንዳይገባ ብሎ በገዛ እጁ የወጠረው ነው። ለካ ታንኩ ውስጥ አየር መግቢያ አጥቶ ናፍጣው ወደ ሞተሩ መሄድ አቅቶት ኖሯል! ላስቲኩን መዳፉ ውስጥ ጨብጦ ቆመ። ኪሱ ቅርብ ነበር፤ ወንድሙም አላየ።

ከዚያ እጁን ዘረጋና፣ «ጋሼ፣ ያነቅኳት እኔ ነኝ» አለ።

ወንድምየው ላስቲኩን አይቶ ሳቁ አመለጠው። «እኔ ደግሞ እሷን ስሰድብ!» ሞተሩ ተነሳ፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆመው ቢያዳምጧትም አልጠፋችም። መኪናዋን ብትረሷት ግድ የለም ልጆቼ፤ ያን የተዘረጋ መዳፍ ግን አደራ፣ አትርሱብኝ።