የማያውቀውን ድምፅ ያወቀው ውሻ

"ኧረ ይሄ ውሻ ሊያሳብደኝ ነው!"

የማሽኑ ባለሙያ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ...

ሥራው እኮ ቀላል ነበር።

የሠለጠኑ ውሾች አንጎልን ፎቶ በሚያነሳው ማሽን ውስጥ ሳይንቀሳቀሱ ይተኛሉ። በጆሮ ማዳመጫ መጀመሪያ የባለቤታቸውን፣ ቀጥሎ የማያውቁትን ሰው ድምፅ ይሰማሉ። አንጎላቸው ለየትኛው እንደሚነቃ ስክሪኑ ላይ ይታያል።

"የማያውቁት ሰው" ራሱ ባለሙያው ነው። ድምፁን ቀድቶ አስገብቶታል።

አሥራ አንዱ ውሾች ለባለቤታቸው ድምፅ ነቁ።

አሥራ ሁለተኛው፣ ሻለቃ የሚሉት ግን...

ይዛው በመጣችው ሴትዮ ድምፅ ምንም!

በባለሙያው ድምፅ ደስታን የሚያሳየው ቦታ ቦግ!

"ድምፆቹን አቀያይረህ ይሆናል" አለችው ጥናቱን የምትመራው ዶክተር።

"ሦስት ጊዜ ፈተሽኩት እኮ!"

"አራተኛ ፈትሽ።"

ፈተሸ... ያው ነው።

ደሙ እየፈላ ወደ ሴትዮዋ ወጣ።

"እውነቱን ንገሪኝ! ይሄ ውሻ ያንቺ ነው?"

ሴትዮዋ አቀረቀረች።

"የጎረቤቴ ነው... እሳቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እንዳትናገሪ ብለውኝ ነው።"

"ታዲያ የእኔን ድምፅ የት ያውቀዋል?!"

"ልጃቸው የላከላቸው የድምፅ መልእክት አለ። ሻለቃን ሲያበሉ ይከፍቱታል። ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ... እኔ ራሴ በቃሌ ይዤዋለሁ። 'እማዬ ሥራ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ።'"

ባለሙያው ስልኩን ከኪሱ አወጣ...

"'ልጄ ለእኔ ጊዜ የለውም፣ ለውሻ ግን አለው አሉ። በይ ውሻዬን ውሰጂለትና ደህና መሆኑን አይተሽ ንገሪኝ' አሉኝ። ከሥልጠናው በተመለስኩ ቁጥር ስለ ሻለቃ አይጠይቁኝም። 'ከስቷል? ፊቱ እንዴት ነው?' ነው የሚሉኝ... ስለ አንተ።"

የእናቱ ቤት በታክሲ ሃያ ደቂቃ ነው።

ከረገጠው ሁለት ዓመት አልፎታል!

እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሞ ደወለ።

"ሄሎ... እማዬ?"

"ምን ሆንክ ልጄ?! አመመህ እንዴ?!"

አያችሁ? ደህና ሆኖ ይደውላል ብላ አልጠበቀችም!

ጋውኑን አውልቆ፣ የሻለቃን ማሰሪያ ከሴትዮዋ እጅ ተቀብሎ ወጣ...

ዶክተሯ 'የማያውቀው ድምፅ' አልነበረም ብላ የሻለቃን ውጤት ከጥናቱ ሰረዘችው።

ወገኖቼ፣ እኔ ይሄን ስጽፍ ተናድጄ ነው። "መልሼ እደውላለሁ" ማለት መደወል አይደለም! እኛ ለመገላገል የወረወርናትን አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ደጋግሞ ይሰማታል... ሥራ እንደሆነ ነገም አለ። እናት ግን ነገ መኖሯን ማን ፈርሞ ሰጣችሁ?

እናንተስ "መልሼ እደውላለሁ" ብላችሁ እስከ ዛሬ ያልደወላችሁለት ሰው ማን ነው?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ...

ኧረ ቆይ! መጀመሪያ ደውሉ፣ ከዚያ ትጽፋላችሁ።